ጥሩምባውን ስሚልኝ

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፤ የተከበሩ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ገብረ ሚካኤል፤ የተከበሩ ምክትል ዳኛ፤ የተከበሩ ጸሐፊ፤ የተከበሩ ምክትል ጸሐፊ፤ ድንኳን ተካዮች፤ ወንበር ቆጣሪዎች፤ እናቶቼ፤ ከሽሮ ሜዳ፣ ከቀጨኔ፣ ከዚሁ ከቁስቋም ዳገት ሥራችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ ሸማኔዎችና ፈታዮች፤ ጋሽ ጉልላት፣ እርስዎም ለብቻዎ፣ የተከበሩ። ሳልጠራዎት ባልፍ ኖሮ እስከ ተዝካሩ ድረስ እሰማው ነበር።

እግዜር ሁላችንንም ያጽናን።

ሰምሀል እባላለሁ። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከዘርትሁን ቤት ጋር አንድ ግድግዳ እንጋራለን። ዝምድና የለንም። ጓደኛዋ ነኝ። አዎ፣ ጓደኛዋ! እሷ ስልሳ ሰባት፣ እኔ ዐሥራ ስድስት። ልዩነቱን የምታሰሉ ሰዎች ስትጨርሱ ትደርሱብኛላችሁ።

"እሷ" ስል አንዳንድ ግንባር ሲቋጠር አየሁ። ፈቃድ አለኝ። መጀመሪያ መጀመሪያ "እርስዎ" ስላት ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ ታይ ነበር። "ማንን ነው የምታናግሪው?" ትለኛለች። "አንቺ በይኝ። እርስዎ ስትይኝ ጉልበቴን ያመኛል።" ስለዚህ ዛሬም አንቺ ነው የምላት። ጉልበቷን እንዳያማት።

ይኼን ወረቀት ታዩታላችሁ? ዛሬ ጠዋት ሽማግሌዎቻችን ናቸው የሰጡኝ። "አንቺ ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ታነቢያለሽ፣ ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ የሕይወት ታሪኳን አንብቢልን" አሉኝ። እሺ አልኩ። ቁጭ ብዬ አየሁት። ሃያ ሁለት መስመር ነው። ስለ ባለቤቷ ስለ ጋሽ መላኩ ዐሥራ ሦስት መስመር። ነፍሳቸውን ይማርና ይገባቸዋል። ስለ ልጇ ስለ ብሩኪ አራት መስመር፣ ጳውሎስ ጋ ያለችው የጎሚስታ ቤቱ አድራሻ ጭምር። ብሩክዬ፣ አንተ አይደለህም ያስገባኸው አይደል? እሺ፣ አምኜሃለሁ። ስለ እድራችን አመሠራረት አራት መስመር። ስለ እሷ አንድ መስመር።

አንድ!

"ደግ፣ እንግዳ ተቀባይና ሙያ አዋቂ የቤት እመቤት ነበሩ።" በቃ። አለቀ። ስልሳ ሰባት ዓመት ኖራ፣ ከእድራችን ድንኳን ያነሰ ቦታ ያዘች። ድንኳኑ ሁለት መስመር ተኩል አለው።

እና ወረቀቱን እንዲህ አጠፍኩት። ኪሴ ገባ። አባቶቼ፣ ይቅርታ። ከዚህ በኋላ የምናገረው እናንተ ያልጻፋችሁትን ነው። ቅር ያለው ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ያስይዝብኝ።

ከሁሉ በፊት ግን ለምን እዚህ እንደቆምኩ ልንገራችሁ። አደራ አለብኝ። ባለፈው ቅዳሜ፣ አልጋዋ ላይ እንዳለች፣ ትንፋሽ እያጠራት እንኳ እየሳቀች፣ "ሰምሀል" አለችኝ። "ሰው የሰፈሩን ሁሉ ጥሩምባ ይሰማል፤ የራሱን ግን አይሰማም። የእኔን አንቺ ስሚልኝ። ምን ብሎ እንደጠራኝ ሰምተሽ፣ መጥተሽ ንገሪኝ።"

ከሩቅ የመጣችሁ ካላችሁ፣ በእኛ ሰፈር ሰው ሲያርፍ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ገና ሳይነጋ በየመንደሩ እየዞረ ይነፋል። ሟቹ ማን እንደሆነ ይለፍፋል። ሰው በሰፈሩ መሐል ለመጨረሻ ጊዜ የሚጠራው ያኔ ነው። ዘርትሁን አርባ አንድ ዓመት "የመላኩ ሚስት" ተብላ ኖራለች። ብሩኪ ከተወለደ ወዲህ ደግሞ "የብሩኪ እናት"። ባሏን ትወድ ነበር። ልጇንም ትወዳለች። ግን በመጨረሻው ጥሪ መስማት የፈለገችው ሌላ ነገር ነበር። ሁለት ቃል። ሥራዋንና ስሟን። ሌላ ሀብት አልጠየቀችም።

"መጥቼ እነግርሻለሁ" ብያታለሁ። ነግሬያት ነው ከዚህ የምሄደው። እስከዚያ ታገሡኝ።

ጋሽ መላኩ ያረፉት የዛሬ አምስት ዓመት ነው። እኔ ያኔ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ጎበዝ ሸማኔ ነበሩ፤ ይኼንን ለእናንተ መንገር ለባሕር ውሃ መሸጥ ነው። እሳቸው ይሸምኑ ነበር፣ እሷ ትፈትል ነበር። እሳቸው መወርወሪያ፣ እሷ እንዝርት። እሳቸው ጉድጓዱ ውስጥ እግራቸውን ከትተው መርገጫውን ይረግጣሉ፣ እሷ በር ላይ ተቀምጣ ባዘቶ ታባዝታለች። ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል፣ ሕጉ ይኼ ነው። ማን አወጣው? ሽማግሌ ስጠይቅ "የድሮ ነው" ይለኛል። ይኼ ድሮ የሚባል ሰውዬ እንዴት ያለ ሥራ የማይፈታ ነው! ሁሉንም ነገር እሱ ነው የሠራው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ባገኘው የምጠይቀው ብዙ አለኝ።

አርባቸው ወጣ። በማግስቱ የሽመና ዕቃውን ሊገዙ ሰዎች መጡ። "አይሸጥም" አለች። "እንዴ! ሸማኔ የሌለበት ቤት ዕቃ ምን ያደርግልሻል?" አሏት። "አያለሁ" አለች።

እስቲ አሁን ግቢያችንን አስቡልኝ። ከሰዓት በኋላ ነው። የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነው። ከግድግዳው ማዶ ምን ሰማሁ? ጠቅ... ጧ። ጠቅ... ጧ። የጋሽ መላኩ ዕቃ! ጋሽ መላኩ ደግሞ እዚህ ቁስቋም ናቸው። እኔው ራሴ ነኝ ቆሜ ያስቀበርኳቸው። እናቴ አማተበች። ጎረቤት ወጣ። "ኧረ የመላኩ መንፈስ ነው! ያልጨረሰው ጥለት ነበር፣ ሊጨርስ ነው የመጣው!" ተባለ። አንድም ሰው፣ አንድም፣ "ሚስቱ ትሆን እንዴ?" ያለ የለም። የሞተ ሰው ይሸምናል ብሎ ማመን፣ ሴት ትሸምናለች ብሎ ከማመን ቀለለን። እኔንም ጭምር ነው። እኔም ጠረጴዛ ሥር ነበርኩ።

ሽማግሌ ተጠራ። ማን ማን መጣ? ፊት ለፊት ጋሽ ገብረ ሚካኤል ከነከዘራቸው። ቀጥሎ ጋሽ ጉልላት፣ በሃይላንድ ጸበል ይዘው። ከኋላ አባባ ኡርጌሳ፣ ጥሩምባ ነፊያችን፣ ጥሩምባቸውን ይዘው። መንፈስ በጥሩምባ ምን እንደሚደረግ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ምናልባት ሁለተኛ ሊያረዱት።

ጋሽ ገብረ ሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚያ በስብሰባ ድምፃቸው፣ "መላኩ! በክብር ቀብረን አሰናብተንህ የለም ወይ? ምን ጎደለህ?" አሉ።

ዕቃው ዝም አለ። ከዚያ ከውስጥ፣

"ማግ ነው የጎደለኝ!"

ወይኔ! አባባ ኡርጌሳ ሲሮጡ ያላየ ሰው ስለ ሩጫ አያውራ። አንድ ጫማቸው ቀረ። ጥሩምባቸው ቀረ። ጋሽ ጉልላት ዓይናቸውን ጨፍነው ሃይላንዱን በበሩ ስንጥቅ ገለበጡት። ጋሽ ገብረ ሚካኤል በሩን በከዘራቸው ገፉት። ዘርትሁን ናት! ከበሩ ሥር ባለው ጉድጓድ ተቀምጣ፣ ከራሷ እስከ ወገቧ ጸበል እየተንጠባጠበ። "እናንተ ሰዎች" አለች፣ "ድሬን እኮ አራሳችሁት!"

አሁን የምትስቁ ሰዎች ያኔ አልሳቃችሁም። "ውጪ!" ነው ያላችኋት። "ሴት ጉድጓድ ከገባች ድር ይበጠሳል!" "በስልሳ ሁለት ዓመትሽ ምን ልሁን ብለሽ ነው?" "የመላኩን ስም ታሰድቢያለሽ!" ወጣች። ወንበር አቀረበች፣ ቂጣ ቆረሰች፣ ሁላችሁም በላችሁ፣ መክራችሁ ሄዳችሁ። ጋሽ ጉልላት ሁለቴ ነው የተቆረሰላቸው። የግቢው በር ሲዘጋ በግድግዳው ቀዳዳ አየሁ።

መልሳ ገባች።

በሁለተኛው ወር መጀመሪያ ሠርታ የጨረሰችው ነገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ጋቢ። ጠርዙ እንደ ዳገታችን መንገድ የሚጣመም፣ አንዱ ጫፍ ከሌላው ጫፍ የተጣላ ጋቢ። ለአባባ ኡርጌሳ ሰጠቻቸው። "በእኔ ሰበብ በአንድ እግር ጫማ ሮጠው ብርድ መቶዎታል" ብላ። አባባ፣ አሁን የለበሱት እሱን ነው አይደል? አይሸፍኑት፣ ጠማማው ጫፍ ይታያል።

ታዲያ አንድ ቀን ጠየቅኳት። በእኛ ሰፈር ልጅ ሲጠየቅ "የማን ልጅ ነሽ?" ነው የሚባለው። እኔ እስከ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ስሜ "የአዲሳለም ልጅ" ይመስለኝ ነበር። ዘርትሁን ግን እንደዚያ አትጠይቅም። "አንቺ ምን ስትሠሪ ነው ሰዓቱ የሚሮጥብሽ?" ነበር ያለችኝ። መልሱ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ የለኝም። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ እሷ መለስኩት። "አንቺስ? እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ምን ፈልገሽ ነው?"

እጇን ዕቃው ላይ እንዳደረገች አሰበች። "እጄን አውቀዋለሁ" አለችኝ። "ከልጅነቴ ጀምሮ ፈትሏል። እግሬ ግን ከቤት እስከ ገበያ ከመሄድ ሌላ ምን እንደሚያውቅ አላውቅም ነበር። መርገጫው ላይ ሳስቀምጠው... እ... በቃ፣ ለካ ሲጠብቅ ነበር። ሰምሀል፣ እግሬ የሚያውቀው ነገር እንዳለ ሳላውቅ ልሞት ነበር እኮ!"

ይኼን ስትል ፊቷን ብታዩት! ሚስት አይደለም ያየሁት። እናት አይደለም። መበለት አይደለም። አንድ ሰው አየሁ። ሙሉ ሰው።

አሁን ወደ ጋሽ ጉልላት ልምጣ። ጋሽ ጉልላት፣ ይቀመጡ፣ ረጅም ነው።

ጋሽ ጉልላት፣ ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ ነጠላ በጣታቸው ዳስሰው "ይኼ የእገሌ እጅ ነው" የሚሉ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ተጨፍኖ! አርባ ዓመት ተሳስተው አያውቁም። ይኼን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ እሳቸው ናቸው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሸማኔዎቹ ለባዛር የሚወጣውን ምርጥ ሥራ ሊመርጡ ተሰበሰቡ። ሥራው ሁሉ ያለ ስም ጠረጴዛ ላይ ተደረደረ። አድልዎ እንዳይኖር ነዋ። ዘርትሁን አንድ ነጠላ ብሩኪን አስይዛ ላከች። እሷም መጣች፣ ከፈታዮቹ ጋር ጥግ ቆመች። እኔም ከጎኗ።

ጋሽ ጉልላት ዳሰሱ። "ይኼ ችኩል ነው።" አለፉ። "ይኼ ትናንት ጠጥቶ ነው የሸመነው።" አለፉ። አንድ ሰውዬ በዚያ በኩል ቀስ ብሎ ወጣ። ከዚያ የእሷን ነኩ። ቆሙ። ጥለቱን በአውራ ጣታቸው ሄዱበት፣ ተመለሱ፣ እንደገና ሄዱበት። እንባቸው ወረደ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ አለቀሱ።

"ይኼ የመላኩ እጅ ነው" አሉ። "ወንድሜ! ይኼን ሠርቶ አስቀምጦ ነው የሞተው። እንዲህ ያለ እጅ ዳግመኛ አይፈጠርም!"

ቤቱ በሙሉ ተነሣ። "ነፍስ ይማር" ተባለ። ቁም ነገሩ፣ ነጠላዋ አንደኛ ወጣች እኮ! ከዚያ ከጥግ ድምፅ መጣ።

"ጋሽ ጉልላት፣ መላኩ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ይኼ ፈትል ደግሞ ባለፈው ጥቅምት የፈተልኩት ነው።"

"እና ማን ሸመነው?"

"እኔ።"

ጋሽ ጉልላት ነጠላውን እንደ ትኩስ ድስት ለቀቁት። ዝም ብለው ቢቀሩ ጥሩ ነበር። ግን ሽማግሌ መቼ ዝም ይላል? "እንግዲያው አስተምሮሽ ነው የሞተው" አሉ። "እጁን ትቶልሽ ሄዷል።"

እሷም ቀስ ብላ ወደ ጠረጴዛው መጣች። አልተቆጣችም። "መላኩ ደግ ሰው ነበር" አለች። "አንድ ጥለት ሊጀምር ሲል ወደ በሩ ዞሮ 'ዘርትሁን፣ ከቀዩ ቀጥሎ ምን ላስገባ?' ይለኝ ነበር። አረንጓዴ ስለው አረንጓዴ። ሁለቴ ድገመው ስለው ሁለቴ። እሱ ይኼን ደብቆ አያውቅም። እናንተ ናችሁ ጠይቃችሁት የማታውቁት። አርባ ዓመት የመላኩ እጅ የምትሉት የእኔን ዓይን ነው።"

ያን ቀን ያጨበጨቡት ማን ነበሩ? ፈታዮቹ! እናቶቼ፣ እናንተ! እንዝርታችሁን ብብታችሁ ውስጥ ሸጉጣችሁ ያጨበጨባችሁትን አልረሳውም። ከዚያ በኋላ ከእናንተ መሐል ስንቶቻችሁ በራችሁን ቆልፋችሁ የባላችሁን ጉድጓድ እንደሞከራችሁ ዛሬ አልናገርም። ባሎቻችሁ አጠገባችሁ ቆመዋል።

ነጠላዋ ግን ባዛሩ ላይ በማን ስም ወጣች? "በሟች በአቶ መላኩ ቤተሰብ።" አየችው። ምን አደረገች?

ቤቷ ሄዳ መልሳ ገባች።

እድራችን ደግሞ አለ። ኧረ እድራችን! በመዝገቡ ላይ "ሥራ" የሚል ቦታ አለ። ከዘርትሁን ስም ፊት "የቤት እመቤት" ይላል። በወር በወሩ፣ የመጨረሻው እሑድ፣ በስብሰባው ማብቂያ እጇን ታወጣለች። "ሸማኔ ተብሎ ይስተካከልልኝ።" ጋሽ ገብረ ሚካኤል መነጽራቸውን ያወልቃሉ። "መዝገብ አይሰረዝም፣ እመቤት።" "አይሰረዝ፣ ከጎኑ ይጨመር።" "አጀንዳ ይያዝ።" አጀንዳው ተያዘ። ተይዞ ቀረ። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር! እስረኛ እንኳ በዚህ ጊዜ ምሕረት ያገኛል።

ቆይ፣ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከዚህኛው ጋር ነው የሚሄደው። ባለፈው ዓመት ሰውነቷ ሲደክም ጳውሎስ አካባቢ አንድ ላቦራቶሪ ይዘናት ሄድን፣ እኔና ብሩኪ። የምትመዘግበው ልጅ "ሥራ?" አለች። ብሩኪ "የቤት እመቤት" አለ። እናትየው "ሸማኔ" አለች። መዝጋቢዋ ቀና ብላ፣ "እማማ፣ የባለቤትዎን አይደለም የጠየቅኩት" አለች። ዘርትሁን ጫማዋን አወለቀች! እዚያው! "እይው" አለች፣ እግሯን አንሥታ። መርገጫው ያደነደነው አውራ ጣቷን እያሳየች፣ "ይኼ የቤት እመቤት እግር ነው?" አለች። ልጅቷ ሳቀች። ጻፈችው።

እና ያ ወረቀት የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ቤቷ ግድግዳ ላይ። ከሥዕለ ማርያም ዝቅ ብሎ፣ ከብሩኪ የምርቃት ፎቶ ጎን። ስኳር ከፍ ብሏል ይላል፣ ደም ግፊት ይላል፣ ኩላሊት ምናምን ይላል። ሐኪሙ ያየው እሱን ነው። እሷ ያየችው ከላይ ያለውን ነው። ስም፦ ዘርትሁን። ሥራ፦ ሸማኔ። እንግዳ በመጣ ቁጥር "ዲፕሎማዬን አያችሁት?" ትል ነበር።

ብሩኪ፣ አንተ ያን ቀን መንገድ ላይ አልቅሰሃል። የጎማ አቧራ ዓይኔ ገብቶ ነው አልከኝ። እሺ፣ አቧራ ነው።

እንግዲህ ሰነፎች እንዳንሆን አንድ ነገር እንነጋገር። ዘርትሁን ሳይደርስላት ሄደች የምትሉ አላችሁ፣ ድንኳን ውስጥ ሰምቻችኋለሁ። "ምስኪን፣ በስተርጅና ጀምራ፣ አምስት ዓመት እንኳ ሳትሠራ።" እኔ አልስማማም። አምስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ስትነሣ ወዴት እንደምትሄድ ታውቅ ነበር። ከመካከላችን ስንቱ ነው አምስት ቀን እንደዚያ የኖረ? እኔ አላለቅስላትም። ማለቴ... ትናንት አልቅሻለሁ። ዛሬ ግን አላለቅስላትም። ይኼ ያሸነፈ ሰው ቀብር ነው!

ሳጥኑ ላይ ያለውን ጋቢ እዩት። የመጨረሻ ሥራዋ ነው፤ ጨርሳ፣ ዘርፉን ቋጥራ ነው የተኛችው። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ጋሽ ጉልላት፣ ቅድም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፍትሐት ሲደረግ እጅዎን ዘርግተው ሲዳስሱት አይቻለሁ። ሰው አላየኝም ብለው ነበር። ዓይንዎን ጨፈኑ። ከዚያ በጆሮዬ የሰማሁትን ልናገር? "የሷ እጅ" ነው ያሉት። የመላኩ አላሉም። አርባ ዓመት ተሳስተው አያውቁም ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በእውነት አልተሳሳቱም። እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን ወደ እሷ ልዙር። ይቅርታ አባቶቼ፣ ጀርባዬን ልሰጣችሁ ነው።

ዘርትሁን።

መጣሁ። ሰምቼ መጣሁ።

ዛሬ ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የእናቴን ሹራብ ደርቤ አባባ ኡርጌሳን በራቸው ላይ ጠበቅኳቸው። "አንቺ ደግሞ ምን ልትሆኚ?" አሉኝ። "ልሰማ" አልኳቸው። እጃቸው ላይ ከዳኛው የተሰጣቸው ወረቀት አለ። መጀመሪያ ቦኖ ውሃው ጋ ቆሙ። ነፉ። እንደተጻፈላቸው አነበቡ። "የአቶ መላኩ ባለቤት አርፈዋል! ቀብር ስድስት ሰዓት፣ ቁስቋም ማርያም!"

አልዋሽሽም። ይኼን ይዤ እንዴት እሄዳለሁ ብዬ ቆምኩ።

ግን ስሚ ምን እንደሆነ። በእኛ መንደር መላኩ የሚባል ሦስት ሰው አለ። እትዬ ጀና የሹፌሩ የመላኩ ባለቤት ናቸው፤ እኅታቸው ከታችኛው መንገድ ጮኻ ወጣች። "ኧረ እኅቴን! ኧረ ጀናዬን!" እየሮጠች በራቸውን ደበደበች። ማን ከፈተ? እትዬ ጀና! መፋቂያ አፋቸው ውስጥ እንዳለ። "ምን ሆነሻል? ማን ነው የሞተው?" "አንቺ!" "እኔ?" ከኋላቸው ባልየው ብቅ አሉ። "እንዴ ጀና፣ ሳትነግሪኝ?"

እትዬ ጀና፣ እንኳን ቆመው ቀበሯት።

ሰፈሩ ተተራመሰ። "የትኛው መላኩ?" "የትኛዋ ሚስት?" አንዱ ወዲህ ያለቅሳል፣ አንዱ ወዲያ። አባባ ኡርጌሳ ቦኖው ላይ ተቀመጡ። ወረቀቱን አዩት። ጋቢያቸውን አዩት፣ ያንን ጠማማውን ጫፍ። በጣታቸው ቀና አደረጉት፣ ተመልሶ ተጣመመ። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ዘርግተው፣ "እስቲ ይኼን ያዢልኝ" አሉ። ተነሡ። ወደ ዳገቱ ወጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ ከሚታይበት ቦታ። ረጅሙን ነፉ። ያንን ለትልቅ ሰው ብቻ የሚነፋውን። ሦስት ጊዜ።

ከዚያ ምን አሉ መሰለሽ?

"ሸማኔዋ! ሸማኔዋ ዘርትሁን አረፈች!"

አንድም ሰው "የትኛዋ" አላለም። አንድም! መላኩ ሦስት ነው፣ ብሩኪ አምስት ነው። ሸማኔዋ አንድ ናት። በር በየተራ ተከፈተ። መብራት በራ። ከላይ እስከ ታች "ውይ ዘርትሁን! ውይ ዘርትሁን!" ተባለ፣ ማንም የማንንም ሚስት ሳይጠራ። ማልደው ሥራ የጀመሩ ሸማኔዎች ነበሩ፤ ጠቅ ጧ፣ ጠቅ ጧ ይል ነበር ከየቤቱ። አንዱ ዕቃ ዝም አለ። ሌላው ዝም አለ። በመጨረሻ ዳገቱ በሙሉ ዝም አለ። ዘርትሁን፣ ለጋሽ መላኩ እንኳ እንደዚያ አልሆነም።

ከዚያ ወዲያ ዐሥራ አንድ ቦታ ቆምን። ዐሥራ አንዱም ቦታ ላይ እንዲሁ ብለው ጠሩሽ። ድምፃቸው ሲዘጋ እኔ ጮህኩላቸው። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ከሌላው ወረቀት ጋር፣ አብረው ያወራሉ።

መዝገቡ እንዳለ ነው። ከስምሽ ፊት አሁንም የድሮው ተጽፏል። ጋሽ ገብረ ሚካኤል መዝገብ አይሰረዝም ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ጥሩምባም አይሰረዝም። ሰፈር ሰምቶታል።

ዛሬ ደግሞ ይኼኛው ጉድጓድ ነው። አይዞሽ። ጉድጓድ አንቺን አያስፈራሽም። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዙሪያውን ቆመዋል፤ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል፤ አንዳቸውም ዛሬ "ውጪ" አይሉሽም።

አደራሽን አድርሻለሁ።

ደህና ግቢ፣ ሸማኔዋ።